ከ6 አልጋ የተነሣው ቤት፦ የአሊ ፎርኒ ማዕከል ያደገው በማን በር መዘጋት ነው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በኒውዮርክ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በማኅበረሰባችን ውስጥ በሹክሹክታ ካልሆነ የማይነሣ ጉዳይ ይዤ ስለመጣሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ።

በዚህ ከተማ የአሊ ፎርኒ ማዕከል የሚባል ድርጅት አለ። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወይም ትራንስጀንደር በመሆናቸው ከቤት የተባረሩ፣ ወይም ኑሮው መርሯቸው ጥለው የወጡ፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 24 የሆነ ወጣቶችን ያስጠጋል። ስሙ የአሊ ፎርኒ መታሰቢያ ነው። አሊ ገና በልጅነታቸው ከቤት ወጥተው በአሳዳጊ ቤቶችና በጎዳና ላይ ያደጉ ሰው ነበሩ። በኋላም የጎዳና ጓደኞቻቸውን ራሳቸውን ከኤችአይቪ እንዲጠብቁ ያስተምሩ ነበር። ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ ሲገደሉም ፖሊስ ገዳዮቹን እንዲፈልግ ይወተውቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1997 ሐርለም ውስጥ እርሳቸውም በጥይት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር።

አሊን በሥራቸው አጋጣሚ በቅርብ ያውቋቸው የነበሩት ካርል ሲሲሊያኖ በጁን 2002 በማንሃተን በሚገኝ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ 6 ታጣፊ አልጋ ዘረጉ። ዛሬ ድርጅቱ በዓመት 2,000 ያህል ወጣቶችን ያገለግላል። በተለያዩ የከተማዋ ክፍሎች የመኖሪያ ቤቶች አሉት፤ በሐርለም ያለው መቀበያው ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው።

ይህን እድገት ሰው ሁሉ እንደ ድል ያወራዋል። እኔ ደግሞ እያንዳንዱ አልጋ በተጨመረ ቁጥር አንድ ወላጅ በሩን ዘግቶ እንደነበር አስባለሁ። የዊልያምስ ኢንስቲትዩት በ2012 ባወጣው ጥናት የተጠየቁት መጠለያዎች እነዚህ ወጣቶች ቤት አልባ የሚሆኑበት ዋነኛው ምክንያት የቤተሰብ አለመቀበል እንደሆነ መልሰዋል። ታዲያ እኛ በውጭ አገር የምንኖር ሐበሻ ወላጆች የዚያ ቤት ተጠባባቂ እንዳይበዛ ምን እያደረግን ነው? ሃይማኖታችሁን ለውጡ አላልኩም። የምጠይቀው ስለ በሩ ብቻ ነው።

የምላሾቹ ቅንብር

የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ዘግይተው ለሚደርሱ ብዬ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አቅርቤአለሁ። መሐል መሐል ላይ አስተያየቴን ጣል ባደርግ ቅር አይበላችሁ።

ምላሽ 1 በምስጋና የጀመረ ነው። ጸሐፊዋ በአንድ የወጣቶች መጠለያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ታገለግላለች። ልጆቹ ያላቸውን ልብስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያጥቡ፣ በተውሶ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ማሽኑ እስኪቆም ፊት ለፊቱ እንደሚቀመጡ፣ ከዐይናቸው እንዲርቅም እንደማይፈልጉ ጻፈች። ከዚያም የድርጅቱ እድገት ቀጥ ያለ መንገድ እንዳልነበረ አስታወሰች። ደመወዝ ለመክፈል የተቸገረበት ጊዜ ነበር። በ2009 ያረፉት ተዋናይት ቢያ አርተር በኑዛዜያቸው 300,000 ዶላር የተዉለት በዚያ በጭንቁ ወቅት ነው። በ2017 መጨረሻ በማንሃተን 13ኛ ጎዳና የተከፈተው ባለ 18 አልጋ ቤት በስማቸው የተሰየመውም ለዚህ ውለታ ነው።

ምላሽ 2 ምድር ቤቱን የሰጠው የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ጠየቀ። ምላሽ 3 ሜትሮፖሊታን ኮሚዩኒቲ ቸርች መሆኑን ነገረው፤ ሲሲሊያኖ ራሳቸው ድሆችን በሚያገለግለው የካቶሊክ ሠራተኞች እንቅስቃሴ ውስጥ ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ገዳም ውስጥ የኖሩ ሰው መሆናቸውንም ጨመረለት።

ምላሽ 4 ጨዋታውን ቀየረው። ጸሐፊው በጨዋ ቋንቋ ነው የጀመሩት፤ መሐሉ ላይ ግን ቃላቸው ከረረ። ጉዳዩ ኃጢአት መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ድርጅት በተከፈተ ቁጥር ልጆች ወላጅን መፍራት እንደሚተዉ፣ ሞቅ ያለ አልጋ የተዘጋጀለት ልጅ ቤቱን ጥሎ ለመውጣት እንደማያመነታ ጻፉ። የእኔንም ጽሑፍ የእናት ርኅራኄ የለበሰ ቅስቀሳ ነው አሉት። ይህ አባባል አሳዝኖኛል፤ አልመለስኩላቸውም፣ ሌሎች ቀድመውኛል።

ምላሽ 5 የራሱን መኝታ ቤት ትቶ የምድር ቤት ታጣፊ አልጋ የሚመርጥ ልጅ ካለ፣ መጠየቅ ያለበት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሆነ ነው ሲል መለሰላቸው። በንዴቱ መሐል ግን ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወጣቶች 40 በመቶው ጎዳና ላይ እንደሚኖሩ ጻፈ።

ምላሽ 6 ከዋሽንግተን ነው። በምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወንድማችን ነው የጻፈው። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከሦስተኛው ፎቅ በታች፣ የሞቀ አየር በሚተነፍሰው ማስወጫ አጠገብ ተኝቶ አገኘው። ጫማውን አውልቆ ከራሱ ሥር አድርጎታል፣ የስልኩን ቻርጀር ከግድግዳው ሶኬት ሰክቶ ገመዱን በእጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞታል። ሊያስወጣው ቀርቦ ሳለ ልጁ በእንቅልፍ ልቡ በአማርኛ አንድ ቃል ተናገረ። ወንድማችን ቃሉን አልጻፈውም። ሻይ ሰጠው፣ እስኪነጋም አላባረረውም። ስሙን ሲጠይቀው የፈረንጅ ስም ነገረው፤ ማንነቱን የደበቀው ጠያቂው ሐበሻ ስለሆነ መሆኑ ገባው። ከማንም በላይ የፈራው እኛን ነበር ብሎ ጽሑፉን ጨረሰ። እኔ ይህን መልእክት ካነበብኩ በኋላ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጥቼ ነበር።

ምላሽ 7 ቁጥር አዋቂ ነው። የምላሽ 5ን ስሕተት አርሟል፦ 40 በመቶ የተባለው የዊልያምስ ኢንስቲትዩት ጥናት ያነጋገራቸው ድርጅቶች ከሚያስተናግዷቸው ቤት አልባ ወጣቶች መካከል ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪና ትራንስጀንደር የሆኑትን ነው እንጂ፣ ከእነዚህ ወጣቶች ውስጥ ጎዳና ላይ የሚገኙትን አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማጋነን ለምላሽ 4 ጸሐፊ ዓይነቱ ሰው መሣሪያ እንደሚሆንም አሳሰበ። ምላሽ 5 አመስግኖ ተቀበለ።

ምላሽ 8 ከሁሉ የረዘመው ነው፤ ከእኔ ሐሳብ ጋርም በቀጥታ የተጋጨው እርሱ ነው። ጸሐፊው በከተማው መሥሪያ ቤት ለዓመታት ያገለገሉ ይመስላሉ። የወላጅ በር መዘጋት ልጆቹን ጎዳና ላይ ያወጣል እንጂ ድርጅት አያሳድግም ባይ ናቸው። ድርጅት የሚያድገው በገንዘብ፣ በሕግና በክርክር ነው። ለረጅም ዘመን በኒውዮርክ የወጣት መጠለያ አልጋ ከፈላጊው ቁጥር እጅግ ያነሰ ነበር፤ በየዓመቱ በጀቱ ሊቀነስ ሲል በጎ ፈቃደኞችና ወጣቶቹ ራሳቸው ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆሙ ነበር። በ2013 መጨረሻ ሊጋል ኤይድ ሶሳይቲ የተባለው ነፃ የሕግ አገልግሎት ድርጅት ቤት አልባ ወጣቶችን ወክሎ ከተማውን ከሰሰ። በከንቲባ ቢል ደብላዚዮ ዘመን በየዓመቱ 100 አልጋ ለሦስት ዓመት እንዲጨመር ተወሰነ። በ2018 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ባወጣው ሕግ እነዚህ መጠለያዎች 21 ዓመት የሞላቸውን ከማስወጣት ይልቅ እስከ 24 ዓመት ድረስ እንዲያስተናግዱ በሩ ተከፈተ። በጸሐፊው አመለካከት የእኔ ጥያቄ ልብ ይነካል፣ ነገር ግን ልብን መንካት አልጋ አይገዛም።

ስለ አልጋው ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ የ2018 ሕግ የጨመረው ሦስት ዓመት ለአንድ የ22 ዓመት ወጣት ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ፣ መጀመሪያውኑ ወደዚያ የመራውን ነገር ከመጠየቅ አልቆጠብም። ሁለቱም ጥያቄዎች ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። እናት የሆነ ሰው ሕጉ እስኪወጣ አይጠብቅም።

ምላሽ 9 ለምላሽ 8 ድጋፍ ሰጥቶ ታሪኩን ወደ ኋላ ወሰደው። ከአሊ ፎርኒ ማዕከል በፊት በዚያው ከተማ የሄትሪክ ማርቲን ተቋም ነበር። በ1979 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኤመሪ ሄትሪክና የሕይወት አጋራቸው ዴሚየን ማርቲን የመሠረቱት፣ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከሚኖርበት የወጣቶች ማሳደጊያ ተደብድቦ መባረሩን ሰምተው ነው። በ1985 ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት በታገሉት ፖለቲከኛ በሃርቪ ሚልክ ስም ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጸሐፊው ሌላም ነገር አነሣ፦ በኦክቶበር 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ሲመታ፣ የአሊ ፎርኒ ማዕከል በቼልሲ የነበረው መቀበያ በውኃ ተጥለቅልቆ ወደመ። ከየአቅጣጫው መዋጮ ጎረፈ፤ ሥራው ወደ ሐርለም 125ኛ ጎዳና ተዛወረ። ይህ ለእኔ ከሁሉም ምላሽ የበለጠ ትርጉም ነበረው፤ አሊ ከተገደሉበት ሰፈር ውስጥ አሁን ሌሊት የማይዘጋ በር አለና።

ምላሽ 10 ወደ ዋሽንግተን መለሰን። በዚያ ከተማ ስሚያል የሚባል የወጣቶች ድርጅት ከ1984 ጀምሮ እንዳለ፣ በበጎ ፈቃደኞች ተነሥቶ መኖሪያ ቤት እስከ መስጠት እንደደረሰ ነገረን። ቀጥሎም በዋሽንግተን በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ እንደያዘ፣ ስለዚህ አንዲት እናት ከከተማው መሥሪያ ቤት ስለ ልጇ በአማርኛ ማነጋገር መብቷ መሆኑን ጻፈ። ጠቃሚ መረጃ ነው።

ከምላሽ 11 እስከ 13 ያሉት ከጉዳዩ ወጡ። 11 የአስተርጓሚዎችን ብቃት አማረረ፣ 12 እርሱ ራሱ አስተርጓሚ በመሆኑ ተቆጣ። 13 በዋሽንግተን ዳርቻ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆነ የዋሽንግተን ሕግ እንደማይመለከተው አስታውሶ ሁለቱንም ጸጥ አሰኘ።

ምላሽ 14 ኢትዮጵያን አመጣ፤ የክሩም ድምፅ ከዚህ ጀምሮ ሻከረ። ጸሐፊው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በወንጀልነት እንደሚያስቀጣ ጠቅሶ፣ የአገሩን ሕግ የሚጻረር ነገር በአማርኛ መጻፌን ኮነነ። ምላሽ 15 እኔ ስለ ኒውዮርክ ልጆችና ስለ ኒውዮርክ ወላጆች እንደጻፍኩ፣ የትኛውም የኢትዮጵያ ሕግ አባት ልጁን በክረምት ውጭ እንዲያሳድር እንደማያዝ መለሰለት። ምላሽ 16 ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአንዱ ነው። ካለችበት ሆና ብዙ መጻፍ እንደማትችል፣ ነገር ግን ሁሉንም እያነበበች እንደሆነ በአንድ መስመር ብቻ ነገረችን። ምላሽ 17 ስድብ ስለነበረ በውይይት መድረኩ አስተናጋጆች ተነሥቷል። ከመነሣቱ በፊት አይቼዋለሁ፤ ለምላሽ 16 ጸሐፊ የተላከ ነበር፣ ያ ያበሳጨኛል።

ምላሽ 18 ከእስራኤል መጣ። በቴል አቪቭ ቤት ድሮር የተባለ ለእንደነዚህ ወጣቶች የሚሆን መጠለያ እንዳለ ጠቀሰች። በኦገስት 1 ቀን 2009 በዚያው ከተማ በወጣቶቹ መሰብሰቢያ ላይ በተከፈተ ተኩስ ሁለት ሰዎች ሲገደሉና ብዙዎች ሲቆስሉ፣ አንዳንድ ወላጆች የልጃቸውን ምሥጢር የሰሙት ከሆስፒታል በተደወለ ስልክ እንደነበር ጻፈች። በእርስዋ ሰፈር ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ወላጆች ስለዚህ ጉዳይ የሚያወሩት በራቸውን ዘግተው፣ ሬዲዮ ከፍተው ነው።

ምላሽ 19 የአንድ አባት ነው። ሴት ልጃቸው በ17 ዓመትዋ እውነቱን ነገረቻቸው። ወጣች፤ በማግስቱ የቤቱን ቁልፍ አስቀየሩ። ቁልፍ ሠሪው ስንት መክፈቻ እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው ሦስት አሉት፤ ቀድሞ አራት ነበር። ባለቤታቸው ሦስቱን መክፈቻ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሲያዩ ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን አንሥተው መለሱላቸው፤ ልጄ የሌላት መክፈቻ ለእኔም አያስፈልገኝም ማለታቸው ነበር። ልጅቷ በጓደኛዋ ቤት ሶፋ ላይ ሰነበተች። በመጨረሻ የክርስትና አባትዋ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። አባትየው ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ይገሥጹልኛል ብለው ሲጠብቁ፣ የተገሠጹት እርሳቸው ሆኑ። አሁን ልጃቸው ኮሌጅ ናት፤ እሑድ እሑድ ቤት ትበላለች። ስለ ጉዳዩ በገበታ ላይ አያነሡም፣ ሁሉንም ነገር እንደገባቸውም አላስመሰሉም። አራተኛውን መክፈቻ ግን ያስቀረጹት እርሳቸው ናቸው።

በዚህ ክር ውስጥ እንደዚህ ምላሽ ጥያቄዬን የመለሰ የለም። እኚህ አባት የማንንም ትምህርት አልተቀበሉም፤ ልጃቸው ግን የማንም መጠለያ ተጠባባቂ አልሆነችም።

ምላሽ 20 በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬትሊን ራያን ቡድን በ2009 ያሳተመውን ጥናት አቀረበ። በልጅነታቸው ቤተሰብ ክፉኛ የገፋቸው እንደነዚህ ያሉ ወጣቶች፣ መገፋት እምብዛም ካልደረሰባቸው እኩዮቻቸው ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ነገር 8.4 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ጸሐፊው ቁጥሩን ለምላሽ 4 ጸሐፊ አስረክቦ ወጣ።

እርሳቸውም በምላሽ 21 ተመለሱ። አልተለወጡም፤ ኃጢአት ያሉትን አሁንም ኃጢአት ይሉታል፣ እንደዚህ ያሉ ድርጅቶች ልጆቹን ስለሚያስተምሩት ነገር ያላቸውን ቅሬታም ደግመው ጻፉ። ግን የምላሽ 19ን አባት በአክብሮት አመሰገኑ፤ የማንንም ልጅ በብርድ አላሳድርም፣ የእኔንም ቢሆን አሉ። ቅስቀሳ ስላሉኝም ይቅርታ ጠየቁ። ተቀብያለሁ። ከእኚህ ሰው ጋር በብዙ ነገር አንስማማም፣ በበሩ ከተስማማን ግን የምንነጋገርበት ነገር አለን።

ምላሽ 22 ዕድራችን ይህን ጉዳይ እንዲይዘው ሐሳብ አቀረበ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢዋጣ፣ ለተባረረ ልጅ የአንድ ወር ኪራይ አይታጣም። ምላሽ 23 ሳቀበት፤ ጉዳዩ በዕድሩ ስብሰባ በተነሣ ቀን ዕድሩ ለሁለት እንደሚከፈል፣ ከዚህ ይልቅ ልጅን ለአንድ ሌሊት በዝምታ የሚያሳድሩ ጥቂት ቤቶች ቢታወቁ እንደሚሻል ጻፈ። ሳቁን አልወደድኩትም፣ ሐሳቡን ግን ወደድኩት። ምላሽ 24 የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት፤ ሁለቱንም አስቆመቻቸው። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለወላጅ ወይም ለሚመለከተው አካል ሳያሳውቁ ማሳደር ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ፣ ልብ የሚነካ ሥራ የሠራ ሰው ተከሳሽ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀች። መጀመሪያ ለብሔራዊው የቤት አልባ ወጣቶች መስመር በ1-800-786-2929 መደወል እንደሚገባ፣ እነርሱም ልጁ ከፈለገ ከወላጅ ጋር በስልክ እንደሚያገናኙት አስረዳች። ይህን ሁላችንም እንያዘው።

ምላሽ 25 በጭንቀት ጊዜ 988 ደውሎ 3 ቁጥርን መጫን ይበቃል አለ። ምላሽ 26 አረመው፦ 988 እየሠራ ነው፣ ለእነዚህ ወጣቶች ተለይቶ የነበረው የ3 ቁጥር አገልግሎት ግን በፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔ በጁላይ 17 ቀን 2025 ተቋርጧል። በ1998 የተመሠረተው፣ ለእነዚሁ ወጣቶች የቆመው ትሬቨር ፕሮጀክት የራሱን መስመር በ1-866-488-7386 ሌት ተቀን እንደከፈተ ነው። ስልኩ ላይ የያዘው ሰው ካለ የድሮውን መመሪያ አጥፍቶ ይህን ይመዝግብ።

ምላሽ 27 አዲስ ተመዝጋቢ ነው። ዕድሜው 19፣ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ እናቱ እስካሁን አታውቅም። ምላሾቹን ሁሉ አንብቧል። አልጋ አልጠየቀም። የጠየቀው የምላሽ 19ን አባት ነው፦ ሽማግሌ የሚላከው ከመናገር በፊት ነው ወይስ ከተናገሩ በኋላ? አባትየው በምላሽ 28 መለሱለት። ከመናገሩ በፊት አንድ እናቱ የምታከብረው ሰው እንዲያውቅ ማድረግ እንደሚሻል፣ በሚናገርበት ቀንም የሚያድርበትን ሌላ ቤት አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ፣ ሲመሽ ሳይሆን በጠዋት እንዲናገር መከሩት። ባለቤታቸው እናቱን ለማነጋገር ፈቃደኛ መሆናቸውንም ጨመሩ። የምላሽ 24 ጸሐፊ ደግሞ ልጁ 18 ስለሞላው እርስዋ ያነሣችው የሕግ ሥጋት እንደማይመለከተው አረጋገጠችለት። ልጁ እስካሁን ያልወሰነው የክርስትና አባቱን ልንገረው ወይስ አክስቱን በሚለው ላይ ነው፤ አስተያየት ያላችሁ ከዚህ በታች ጻፉለት፣ ስድብ ያላችሁ ግን እባካችሁ እለፉ።